የጋራ ግድግዳ

በወደራ ከተማ፣ ከክብረ መንግሥት ወደ ነገሌ ቦረና በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ ጎን ለጎን ተጠጋግተው የቆሙ ባለ ቆርቆሮ ክዳን ቤቶች አሉ። ከእነዚህ መካከል ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ይህን ግድግዳ ያቆሙት ሁለት ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንደኛው አናጢ፣ ሁለተኛው የቡና ነጋዴ ነበሩ። ጎጆ ለሚወጣ ሰው ሁለት ግድግዳ ማቆም ብክነት መሆኑን ተነጋግረው ወጪውን እኩል ተካፈሉ፤ ቋሚውን ከአንፈራራና ከወደራ ደን በወረደ ጥድ ተከሉት፤ ጭቃውንም ከጭድ ጋር አቡክተው፣ ሚስቶቻቸው አንዷ ከወዲህ አንዷ ከወዲያ ሆነው መረጉት። ግድግዳው ግን ሙሉ በሙሉ አልተደፈነም። ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጦ እጁን በሚዘረጋበት ልክ፣ አንዲት ቀዳዳ ተዉላት። እሳት የጠፋበት ቤት ፍም የሚቀበለው በዚያች ነው፤ ቡና ያፈላችው ሴት ጎረቤቷን የምትጠራው በዚያች ነው፤ ልጆችም ሲጣሉ የሚሰዳደቡት፣ ሲታረቁም ቆሎ የሚሰጣጡት በዚያችው ነበረ።

የአናጢው ታላቅ ልጅ ዛሬ የሚኖረው በሎንዶን ከተማ ነው። በሰንበት በቤተ ክርስቲያን በዲቁና ያገለግላል፤ በሥራ ቀን ደግሞ አሮጌ ቤቶችን ከሚያድሱ ግንበኞች ጋር ውሎ ይገባል። እናቱ ካረፉ በኋላ ከታናሽ ወንድሙ ዘንድ መልእክት መጣለት። ነገሩም እንዲህ የሚል ነበረ፤ «ጋሼ፣ ቤቱ አርጅቷል። ጭቃው እየተፈረፈረ ሕፃናቱ በብርድና በአቧራ ታመዋል። አፍርሼ በብሎኬት ልሠራው ነውና ውክልና ላክልኝ። በእማማ በኩል ያለው ግድግዳም በእኛ ይዞታ ውስጥ ስለሆነ አብሮ ይነሣል።» እማማ የተባሉት የቡና ነጋዴው ባልቴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኖአል፤ ልጆቻቸውም ተበትነዋል። የቤታቸው ወራጅ ያረፈው በዚያው ግድግዳ ላይ ነው።

ወንድምየው የጠየቀው ነገር ከአቅምና ከአእምሮ ውጭ አልነበረም። ልጆች የታመሙበት ሰው ነው፤ የራሱንም ድርሻ ገንዘብ በብዙ ድካም ያጠራቀመ ነው። ስለዚህ ታላቅየው ወዲያው እሺ ሊል ነበረ። እጁን የያዘው ራሱ የሚያድርበት ቤት ነው።

ያ ቤት በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ ነው። ንግሥቲቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1837 እስከ 1901 ነገሡ፤ በእኛ ታሪክ ሲታይ ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው አስቀድሞ ጀምሮ እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ከተሞች በፋብሪካና በባቡር ምክንያት በድንገት አበጡ፤ ለሚጎርፈውም ሕዝብ በጣም የተሠራው ቤት ይህ በረድፍ የሚቆመው፣ ጎንና ጎኑን ከጎረቤት ጋር የሚጋራው ቤት ነው። ዛሬም በእንግሊዝ አገር ከአራት ቤት አንዱ ያህል የዚህ ዓይነት ነው። ስፋቱ በመንገድ በኩል ሲለካ ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ ስድስት ሜትር አይበልጥም፤ በፈንታው ወደ ኋላ ይረዝማል፣ ወደ ላይም ይቆማል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከመንገድ ጋር የሚገናኘው እያንዳንዱ ክንድ መሬት ውድ ነው፤ መንገዱን፣ የቆሻሻ መውረጃውን፣ የውኃውን ቧንቧ ሁሉ የሚያስረዝመው የቤቱ ስፋት ነውና። መሬቱ የመኳንንት ነበረ፤ መኳንንቱም አብዛኛውን ጊዜ ለ99 ዓመት ያከራዩትና ግንበኛው ረድፉን ሠርቶ ይሸጠዋል፤ ዘመኑ ሲያልቅ መሬቱ ከነቤቱ ወደ ባለርስቱ ይመለሳል። ሊዝ የሚለውን ቃል የወደራም ሰው ዛሬ ያውቀዋል።

ከሜዳው ማዶ ሆኖ ረድፉን የተመለከተ ሰው አንድ ረጅም ቤተ መንግሥት ያየ ይመስለዋል። አንዱ መስኮት ከሌላው ጋር በልክ ይሰለፋል፤ አንዱ ደጃፍ ከሌላው ጋር ይመሳሰላል፤ በመካከልና በጫፍ ያሉት ቤቶች አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ወጣ ብለው በዓምድ ያጌጣሉ። ለየብቻ ቤተ መንግሥት መሥራት የማይችሉ ሰዎች በማኅበር አንድ ቤተ መንግሥት ሠሩ ማለት ነው። ከኋላ በኩል ዞሮ የተመለከተ ግን ሌላ ነገር ያያል። እያንዳንዱ ባለቤት እንደ ወደደው ጨምሮበታል፤ አንዱ ማድ ቤት ቀጥሏል፣ አንዱ ሽንት ቤት ለጥፏል፣ ቧንቧው እንደ ሐረግ ይጠማዘዛል። በባዝ ከተማ ከ1767 እስከ 1775 የተሠራው ሮያል ክሬሰንት የሚባለው ባለ 30 ቤት ረድፍ ከቪክቶሪያ ዘመን በፊት የተነሣ ቢሆንም ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው፤ ፊቱ አንድ ሲሆን ጀርባው ግን እንደየሰዉ ጠባይ ነው። ፈረንጆች በዚህ ይኮራሉ። የእኛም ሰው ቢሆን ለበዓል ነጠላውን አጣፍቶ ሲወጣ በቤቱ ያለውን አያሳይም።

ውስጡ ደግሞ እንደ መሰላል የተደረደረ ሥርዓት አለው። ከመንገዱ በታች ያለው ምድር ቤት የማድ ቤትና የአገልጋዮች ስፍራ ነው፤ በፊቱ ብርሃን እንዲገባ የተቆፈረ ጠባብ ግቢ አለ፤ ከእግረኛው መንገድ ሥር ደግሞ የከሰል ጎተራ ተሠርቷል። ከሰል አቅራቢው ክብ የብረት ክዳኑን ከፍቶ ከላይ ይገለብጠዋል፤ እነዚያ ክዳኖች ዛሬም በሎንዶን መንገዶች ላይ ይረገጣሉ። ከእርሱ በላይ ያለው ደርብ የመመገቢያ እልፍኝ ነው። ቀጥሎ ያለው፣ ጣሪያው ከሁሉ ከፍ ያለው፣ መስኮቱም ከሁሉ የረዘመው፣ እንግዳ የሚቀበሉበት አዳራሽ ነው። ወደ ላይ ሲወጡ ጣሪያው እየቀረበ፣ መስኮቱም እያጠረ ይሄዳል፤ መኝታ ቤት፣ ከዚያም የልጆች ክፍል፣ በመጨረሻም ከጣሪያው ሥር አገልጋዮች የሚያድሩበት ብርድና ሙቀት የሚፈራረቅበት ቆጥ። እንግዲህ አንዲት የቤት ሠራተኛ ቀን ከሁሉ በታች ትሠራለች፤ ሌት ከሁሉ በላይ ትተኛለች፤ በመካከል ያለው የጌቶቹ ነው። ከሰሉንና ውኃውን በጠባቡ ደረጃ ተሸክማ ስትወጣ፣ አመዱንና እድፉን ተሸክማ ስትወርድ ዕድሜዋ ያልቃል። ሰውየው የሚያድረው ከእነዚህ ቆጦች በአንዱ ነው፤ የደረጃዎቹ ዕንጨት መካከሉ በእግር ብዛት እንደ ሙቀጫ ጎድጉዷል።

በጎን ያሉ ጎረቤቶች እኩል ሲሆኑ በላይና በታች ያሉት ግን በአንድ ጣሪያ ሥር እያሉ ባዕድ ናቸው። በዚህ ነገር የነገሌ ሰው ለማንም ደቀ መዝሙር አይሆንም። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ሰፍሮ የነበረው ጦር ያመፀው፣ በምግቡ መበላሸት ላይ የወታደሮቹ የውኃ ጉድጓድ መሳቢያ ተሰብሮ ሳለ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዲቀዱ ስላልፈቀዱላቸው ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ሁሉ ያውቀዋል።

ወደ ግድግዳው እንመለስ። የእንግሊዝ ረድፍ ቤት ምሥጢሩ ያለው በፊቱ ጌጥ ሳይሆን በጎኑ ባለው፣ ለሁለት ባለቤት በሚሆነው ግድግዳ ላይ ነው። ይህም ግድግዳ የተወለደው ከእሳት ነው። በመስከረም ወር 1666 በሎንዶን ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት የተነሣ እሳት አራት ቀን ነድዶ 13,200 ቤትና 87 አብያተ ክርስቲያናት በላ፤ ቤቶቹ የዕንጨት ነበሩና አንዱ ለሌላው እንደ ጧፍ እያቀበለ ሄደ። በማግሥቱ ዓመት በ1667 የወጣው ሕግ ከእንግዲህ ቤት ሁሉ በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሠራ፣ በቤትና በቤት መካከልም እሳት የሚያቆም ግድግዳ እንዲኖር አዘዘ። በ1707 ከጣሪያው ግርጌ ተንጠልጥሎ ይታይ የነበረው የዕንጨት ክፈፍ ተከለከለ። በ1774 የወጣው ሌላ ትልቅ ሕግ ደግሞ ቤቶችን በየደረጃቸው ከፋፍሎ የግድግዳቸውን ውፍረት ወሰነ። የቪክቶሪያ ዘመን ግንበኞች የወረሱት ይህን ነው። የጋራው ግድግዳ በጣሪያው ላይ ሳይቆም አልፎ ወደ ሰማይ ከፍ ይላል፤ ከሩቅ የሚያይ ሰው ረድፉ በቢላዋ የተከፋፈለ ዳቦ ይመስለዋል። ኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ማዘዙ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው፤ የሎንዶን መከታ ግን የቆመው የሚወድቀውን ሳይሆን የሚዘለውን ለመያዝ ነው።

ሰውየው ይህን ከአሠሪው ከሽማግሌው ግንበኛ በሰማ ጊዜ ሳቀ። በሎንዶን ግድግዳ የሚቆመው እሳት ከጎረቤት እንዳይመጣ ነው፤ በወደራ ደግሞ ግድግዳው የተቀደደው እሳት ከጎረቤት እንዲመጣ ነበረ። ሽማግሌውም ነገሩን ካስተረጎመ በኋላ ዝም ብሎ ቆየና፣ ሁለቱም ሕግ ትክክል ነው አለ፤ አንዱ የበዛበት ነው፣ አንዱ ያነሰው።

ሆኖም የሎንዶኑ ግድግዳ ለመለየት ብቻ የቆመ አይደለም። የምድጃው ጭስ የሚወጣው በውስጡ ነው። በዚህ ቤት ያለው ምድጃ በዚያ ቤት ካለው ምድጃ ጋር ጀርባ ለጀርባ ተቀምጦ፣ የሁለቱ ጭስ በአንድ ግድግዳ ውስጥ በየራሱ ቦይ ወደ ላይ ሄዶ፣ በጣሪያው ላይ በአንድ ግንድ በብዙ የሸክላ አፍ ይወጣል። ወለሉን የተሸከሙት ሰረገላዎችም ብዙ ጊዜ ጫፋቸውን የሚያሳርፉት በዚሁ ላይ ነው። በተራው ቤት ውፍረቱ አንድ ጡብ በቁመቱ፣ ማለት 23 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሰውየው ሌሊት በማዶ ያለችውን አሮጊት እንግሊዛዊት ሳል ይሰማል። አንድ ሌሊት ሳሉ ቢቋረጥበት ጊዜ እንቅልፍ አጥቶ አደረ፤ በማለዳ ወርዶ ደጃፏን ቢያንኳኳ፣ ሴትዮዋ ወደ እኅቷ ዘንድ ሄዳ እንደ ነበረ ከሌላው ጎረቤት ተነገረው። በመንገድ ሲገናኙ ግን ከአየሩ ሁኔታ በቀር ሌላ ተነጋግረው አያውቁም። እንግዲህ እዚያ ግድግዳው ድምፅን ያሳልፋል እንጂ ፍምን አያሳልፍም።

ከረድፉ አንዱ ቤት የተነቀለ እንደ ሆነ ምን ይሆናል? ይህን ለሎንዶን ያስተማረው ጦርነት ነው። ከመስከረም 1940 እስከ ግንቦት 1941 ጀርመኖች ከተማዪቱን በቦምብ ሲደበድቡ፣ በየረድፉ መካከል እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍተት ታየ። በቀረው ግድግዳ ላይ የጎረቤቱ ምድጃ በአየር ተንጠልጥሎ፣ የልጆቹ ክፍል ባለ አበባ ወረቀት ለዝናብ ተጋልጦ ይታይ ነበረ። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ በግራና በቀኝ የቀሩት ቤቶች ወደ ባዶው ማዘንበላቸው ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ያቆማቸው የገዛ ጥንካሬያቸው ሳይሆን እርስ በርስ መደጋገፋቸው ኖሮአል። ስለዚህ ክፍተቱን በአግድም በታላላቅ ዕንጨት ደግፈው ያዙት። በዚያው በግንቦት 1941፣ ማለት በእኛ በግንቦት 1933 ዓ.ም. መባቻ፣ ከዛሬዪቱ ጋና የመጡ የጎልድ ኮስት ወታደሮች በደኑ ውስጥ ሳምንታት ተዋግተው ወደራን ከኢጣልያ እጅ አስለቀቁ። የሁለቱ ስፍራ ዕጣ በአንድ ወቅት መግጠሙን ሰውየው ባሰበ ቁጥር ይደነቅ ነበረ።

ውክልና የሚፈረመው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ነው፤ ኤምባሲውም በሃይድ ፓርክ ፊት ለፊት፣ በፕሪንስስ ጌት መንገድ ቁጥር 17 ይገኛል። ቤቱ ከዚያው ከቪክቶሪያ ዘመን ከመጡት የከበሩ ረድፎች የአንዱ አካል ነው፤ ፊቱ በነጭ ልስን የተሸፈነ፣ ብዙ ደርብ ያለው፣ ጎንና ጎኑ ለጎረቤት የተሰጠ ነው። በፊቱ ባለው መስክ በ1851 ታላቁ የዓለም ኤግዚቢሽን በመስተዋት ቤት ተደርጎ ነበር። ከጀርባው ጥቂት ወረድ ብሎ ባለው ቪክቶሪያና አልበርት በተባለው ሙዚየም ውስጥ፣ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ አክሊልና ጽዋ ተቀምጧል፤ ለመፈረም የመጣ ካህን እግረ መንገዱን ገብቶ አይቶ፣ በሩ ላይ እንባውን ጠርጎ ይወጣል። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በግንቦት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በስደት ሎንዶን በደረሱ ጊዜ የተቀበላቸው ይኸው የፕሪንስስ ጌት ሰፈር ነው፤ በዚያ ጊዜ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ኋላ ወደ ባዝ ሄደው የተቀመጡበት ፌርፊልድ የተባለው ቤት ግን ለብቻው በአትክልት መካከል የቆመ ነው። የረድፍ ቤት እናት በሆነችው ከተማ ሳሉ ጎረቤት የማይነካው ግድግዳ አገኙ፤ ስደተኛ ንጉሥ ይህን መፈለጉ አያስነቅፍም።

ሰውየው ተራውን ሲጠብቅ ጀርባውን ያስደገፈበትን ግድግዳ በእጁ ዳበሰው። የሥራ ልማድ ነው። ከጎን ያለው ቁጥር 16 የኢራን ኤምባሲ ነው። በሚያዝያ 22 ቀን 1972 ዓ.ም. ስድስት የታጠቁ ሰዎች ወደዚያ ኤምባሲ ገብተው 26 ሰዎች ያዙ። ነገሩ እስከ ሚያዝያ 27 ቀን ድረስ ስድስት ቀን ፈጀ። በዚህ ጊዜ ሁሉ በውስጥ ያለውን ለመስማት የተቻለው የረድፍ ቤት በመሆኑ ነው። ፖሊሶች ከጎረቤት ቤቶች ግድግዳውን በዝግታ እየሰረሰሩ ማዳመጫ ከተቱበት፤ የመሰርሰሪያው ድምፅ እንዳያስነቃ በመጀመሪያ በአቅራቢያው መንገድ እንዲቆፈር፣ ኋላም አይሮፕላኖች በሰፈሩ ላይ ዝቅ ብለው እንዲያልፉ ተደረገ። በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ደግሞ የጋራው ግድግዳ ጡብ አንድ በአንድ እየተነቀለ፣ በማዶ ያለው ልስን ብቻ እንዲቀር ተደረገ። በስድስተኛው ቀን ልዩ ወታደሮች ቤቱን ሰብረው ገቡ፤ ከታጋቾቹ ሁለቱ ሞቱ፣ ሌሎቹ ወጡ፣ ቤቱም በእሳት ጋየ፤ እስከ 1993 ድረስም ተዘግቶ ኖረ። አንድ ግድግዳ፣ ሌሎች ሳያውቁት ከአንድ ወገን ብቻ እስከ ልስኑ ድረስ ሊሳሳ እንደሚችል ከዚህ ይታያል። ያን ጊዜ የተደረገው ነፍስ ለማዳን ነበርና ማንም አልነቀፈውም።

በሰላም ጊዜ ግን እንዲህ ማድረግ በዚያ አገር ክልክል ነው። በ1996 የወጣው የጋራ ግድግዳ ሕግ፣ ግድግዳውን ሊያፈርስ ወይም ሊቆርጥ የሚሻ ባለቤት ሥራው ከመጀመሩ ሁለት ወር አስቀድሞ ለጎረቤቱ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ጎረቤቱ ካልተስማማ ባለሙያ ይሾምና ነገሩን ይመረምራል፤ የተጋለጠውን ወገን ከዝናብ መጠበቅም የአፍራሹ ዕዳ ነው። ሰውየው በሥራው እንዲህ ያሉ ወረቀቶችን ስንት ጊዜ ከደጃፍ ደጃፍ አድርሶአል! ለማያውቃቸው ፈረንጆች ይህን ሲያደርስ ኖሮ፣ ፍም ላቀበሉት ባልቴት አንድ ቃል ሳይነገር ግድግዳቸውን የሚያነሣ ወረቀት ሊፈርም መምጣቱ ያን ጊዜ ታሰበው። በልቡም የወንድሙን ቃል አወጣ፣ አወረደ። «በእኛ ይዞታ ውስጥ ነው» የተባለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ በወረቀት ላይ የተሰመረው መስመር ከቀዳዳዪቱ ወዲህ ይለፍ ወዲያ የሚያውቅ የለም። አባቶቹ መስመር አላሰመሩም ነበርና።

ወደ ወንድሙ ደወለለት። ወንድምየው ተቆጣ፤ የሲሚንቶው ዋጋ በየሳምንቱ እየጨመረ መሆኑን ነገረው፤ በመጨረሻም፣ «ግድግዳ መፍረሱን በመልእክተ ኤፌሶን አንተው በመቅደስ ታነበው የለም?» አለው። ታላቅየውም፣ «ያ የጥል ግድግዳ ነው። የእኛው የሁለት ቤት ነው። መጀመሪያ ሄደህ እማማን አነጋግር፤ ባዶ እጅህን አትሂድ፤ ቡና ያዝ» አለውና ስልኩን ዘጋ። ያን ቀን ሳይፈርም ወጣ። የአንድ ቀን ደሞዙም ቀረበት።

ከሳምንት በኋላ የመጣው መልስ ሁለቱ ወንድማማቾች ካሰቡት የተለየ ነበረ። ባልቴቷ ቡናውን ተቀብለው፣ ቆልተው፣ ሦስተኛውን ስኒ ከጠጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ግድግዳው ይፍረስ እንጂ፤ እኔም ስጠላው ኖሬአለሁ። ምርጊቱ በየክረምቱ አልጋዬ ላይ ነው የሚወድቀው። አባትህ ቢኖር አስቀድሞ ያፈርሰው ነበር» አሉ። ነገር ግን ሁለት ነገር ለመኑ። አንደኛው፣ አዲሱ ሳይቆም አሮጌው እንዳይነሣ ነው፤ ወራጁ ሌላ የሚያርፍበት የለውምና። ሁለተኛውን ሊናገሩ ጀምረው ተዉት፤ ዓይናቸው ግን ወደ ቀዳዳዪቱ ሄደ። በዚያች በኩል የሰውየው እናት በሞቱበት ሌሊት የመጨረሻውን የጠሩት እርሳቸውን መሆኑን ወንድምየው ያን ጊዜ ነገሩት፤ ታላቅየው ይህን ሰምቶ አያውቅም ነበር።

በሚቀጥለው ቀን ሰውየው ወደ ፕሪንስስ ጌት ተመልሶ ውክልናውን ሲጽፍ፣ በተለመደው ቃል ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመረ፤ ከጎረቤት ጋር የሚገናኘው ግድግዳ፣ ሁለቱን ቤት የሚሸከም አዲስ ግድግዳ አጠገቡ ሳይቆም እንዳይነካ፣ የአዲሱም ወጪ ከእርሱ ድርሻ እንዲከፈል። ወረቀቱን የተቀበለችው ጸሐፊ አንብባ፣ «ይህ ደግሞ የምን ግድግዳ ነው?» ብላ ጠየቀችው። እርሱም ከበስተኋላው ያለውን አመለከታትና፣ «የዚህ ዓይነት» አላት። እርሷም ዞር ብላ አየችውና ማኅተሙን መታችው።

ለዚያ ወጪ ሲል እስከ ፋሲካ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜም ሠራ። በወደራ አዲሱ ግድግዳ በብሎኬት ጀመረ፤ አራተኛው ረድፍ ላይ ሲደርሱ ግንበኛው ሥራውን አቁሞ፣ በዚህ ላይ የሚተወው ቀዳዳ ምን ያህል ይሁን ብሎ ጠየቀ። ወንድምየውም ራሱ ለመወሰን ስላልደፈረ ጥያቄውን ወደ ሎንዶን ላከው። ሰውየው መልእክቱን ያነበበው ከቆጡ ውስጥ፣ በምሽት ነው፤ በማዶ አሮጊቲቱ እንደ ልማዷ ትስላለች። ሜትሩን አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ የነበረውን ስኒ ከነማስቀመጫው ለካና እንዲህ ሲል መለሰ፤ «አንድ ብሎኬት ጎድሎ ይቅር። ረከቦት አያልፍም፤ ስኒ ግን ያልፋል።»